ቁልፍ ቀራጩና የሸማኔው ጉድጓድ

ከእንጦጦ ግርጌ፣ ከሽሮ ሜዳ ገበያ ትንሽ አለፍ ብሎ፣ በአንዲት የቆርቆሮ ሱቅ ውስጥ የሚሠራ ቁልፍ ቀራጭ ነበር። ፊት ለፊቱ የሐበሻ ልብስ ነጋዴዎች ነጠላና ቀሚስ ሰቅለው ይውላሉ። ከኋላው በየግቢው የሸማኔዎቹ መወርወሪያ ከጠዋት እስከ ማታ ሲመላለስ ይሰማል። እሱ በመካከል ሞርሳው ላይ አጎንብሶ ናስ ይሞርዳል። በሰፈሩ እጁ ያልገባበት በር የለም ማለት ይቻላል። የማን በር በስንት ቁልፍ እንደሚዘጋ፣ ማን ከማን ደብቆ ቁም ሣጥን እንደሚቆልፍ ያውቃል፤ ግን አይናገርም። «ቁልፍ ቀራጭ ጆሮ ካበቀለ ሱቁን ይዝጋ» ይል ነበር። በዚህች አባባሉም ይኮራ ነበር።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት አንድ የግንባታ ዕቃ ነጋዴ መጣ። ልብሱ ያማረ፣ ችኮላው የበዛ ሰው ነው።

«ጋሼ፣ ሦስት በር ላይ ቁልፍ ይቀይሩልኛል። የግቢው፣ የሳሎኑ፣ የመኝታ ቤቱ። አሁኑኑ።»

ቁልፍ ቀራጩ ካቻቢቴውንና ትራፓኖውን በከረጢት ይዞ ተከተለው። የድሮዎቹን ቁልፎች ሲፈታ የራሱን ሥራ አወቃቸው፤ ከጥቂት ዓመታት በፊት እሱው የገጠማቸው ናቸው። ምንም አልተበላሹም። ለምን ይቀየራሉ ብሎ አልጠየቀም። ትራፓኖውን የሚሰካበት ሶኬት ፍለጋ ወደ ኩሽና ሲገባ ግን ዓይኑ አንድ ነገር ላይ አረፈ። የጤፍ ሊጥ ኩፍ ብሎ፣ የባልዲውን ክዳን ገፍቶ፣ በጎኑ ወደ ወለሉ ይወርዳል። አጠገቡ ማሰሻው፣ አክንባሎውና ሰፌዱ በተርታ ተቀምጠዋል። ባለቤቲቱ እጇን ታጥባ እስክትመለስ የሚጠብቁ ይመስላሉ።

«ጌታዬ፣ ሊጡ ሞልቶ እየፈሰሰ ነው» አለ።

ነጋዴው ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ «ይተዉት፤ ይፍሰስ» አለው።

ቁልፍ ቀራጩ በዚያች ቅጽበት ነገሩ ገብቶታል። ሊጥ ያቦካች ሴት ልትመለስ ነው የሄደችው። እሱ የሚገጥመው ቁልፍ ደግሞ ስትመለስ እንዳትገባ ነው። ገብቶታል፤ ትራፓኖውን ግን ሰካ። ሦስቱንም በር ጨርሶ ሒሳቡን ተቀብሎ ወጣ። አሮጌዎቹን ቁልፎች «ለብረትዎ ይውሰዷቸው» ስለተባለ በከረጢቱ ይዟቸው ሄደ።

ዓርብ ማታ፣ ሱቁን ሊዘጋ ሲል፣ ጥቁር የለበሰች፣ የነጠላዋን ጥለት ወደ አንገቷ ያዞረች ሴት መጣች። እናቷን ደብረ ብርሃን ቀብራ፣ ሠልስቱን አውጥታ መመለሷ ነበር። ዓይኗ በለቅሶ አብጧል። አንዲት ቁልፍ ዘረጋችለት።

«ጋሼ፣ ይቺ ቁልፍ እምቢ አለችኝ። መንገድ ላይ ጎብጣብኝ ይሆናል። እስቲ ይዩልኝ።»

ይህን ታሪክ ለሰው በነገርኩ ቁጥር እዚህ ላይ ትንሽ እቆማለሁ። ሰውየው እውነቱን የመናገር ዕድል በእጁ ነበር፤ ዓረፍተ ነገሩ ከአምስት ቃል አይበልጥም። እሱ ግን ቁልፏን ተቀበለ፣ ሞርሳው ላይ አሰራት፣ ሞረዱን አንስቶ ያልጎበጠውን ቁልፍ ሞረደ። ግራና ቀኝ አገላብጦ አየ፣ እፍ አለበት።

«አሁን ትሠራለች። ሒሳብ አያስፈልግም፤ ነፍስ ይማር» አላት።

መርቃው ሄደች።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ ተመለሰች። ቁልፏን ባንኮኒው ላይ አስቀምጣ በር ላይ ካለችው ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ድምጿን ዝቅ አድርጋ «በሩ ላይ ያለው ቁልፍ አዲስ ነው» አለች። «ልጆቼ በመስኮት እማዬ እያሉ ይጠሩኛል። አባታቸው አይከፍትም።» ከዚያም ቀና ብላ አየችው። «የእርስዎ እጅ ነው አይደል፣ ጋሼ?»

«አዎ» አለ። ሌላ የሚለው ነገር ፈልጎ ያገኘው አንድ ብቻ ነበር። «ሊጡን አይቼው ነበር።»

ያን ሌሊት ሴትየዋ ጎረቤት አደረች። በማግስቱ የእድሩ ሽማግሌዎች ግቢው በር ላይ ተሰበሰቡ። ነጋዴው የቤቱን ካርታ ይዞ ወጣ። «በስሜ ነው፤ ስሙን አንብቡት። እሷ ቤቱን ጥላ ሄዳለች። ፍቺ ጠይቄያለሁ። ከእንግዲህ እዚህ አታድርም።» ወደ ፖሊስ ጣቢያ ሄዱ። ፖሊሶቹ ያለ ፍርድ ቤት ትዕዛዝ እሱን ማስወጣትም ሆነ እሷን በር ሰብሮ ማስገባት እንደማይችሉ ተናገሩ። አንዲት ጎረቤት «ወይ ጉድ፣ ያለ ፍርድ ቤት እሱስ እንዴት አስወጣት?» አለች። የዚያን ቀን ከተነገረው ሁሉ ትክክለኛው ጥያቄ ይህ ነበር፤ መልስ የሰጣት ግን አልነበረም።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ በዕድሜ የገፉ ነበሩ። በወጣትነታቸው የስንት ባልና ሚስት ጉዳይ በቤተ ዘመድ ሽምግልና ተቀምጠው ያዩ ሰው ናቸው። «በእኛ ጊዜ» አሉ በትራቸው ላይ ተደግፈው፣ «የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ አለቃ ይለው ነበር። ፍቺውንም የምናየው እኛው፣ የቤተ ዘመድ ሽማግሌዎቹ ነበርን። አለቃ የተባለ ሰው ውጪ ሲላት ትወጣ ነበር፤ እኛም ዝም እንል ነበር። ስንቷ ልብሷን በእቅፍ ይዛ ስትወጣ አይቻለሁ። በ1987 ሕገ መንግሥቱ ባልና ሚስት በጋብቻ ሲገቡም፣ አብረው ሲኖሩም፣ ሲፋቱም እኩል ናቸው አለ። በ1992 የቤተሰብ ሕጉ ተሻሽሎ ወጣ። አሁን የሚያፋታው ፍርድ ቤት ነው። ማን ቤት ውስጥ ይቆይ፣ ማን ይውጣ የሚለውንም የሚያዘው ፍርድ ቤት ነው። ልጄ፣ እዚህ በር ላይ አትለምኚ። ሰኞ አብረን እንሄዳለን።»

ሰኞ ቤተሰብ ችሎት ሄዱ። ማመልከቻው ተጻፈ፣ መዝገብ ተከፈተ፣ ለባልየው መጥሪያ ደረሰው። ቁልፍ ቀራጩ በምስክርነት ተቆጠረ። ጠበቃ እንዲጠራው አልጠበቀም፤ ሴትየዋ ዘንድ ሄዶ «ስሜን አስጽፊ» ያላት እሱ ራሱ ነው።

ባልየው በችሎት ፊት ሁለት ነገር ተናገረ። አንደኛው ቤቱን የሠራው በራሱ ገንዘብ መሆኑንና ካርታውም በስሙ መሆኑን ነው። ሁለተኛው ሚስቱ ቤቱን ጥላ መሄዷን ነው።

ዳኛዋ በጥሞና ሰሙት። «የመጀመሪያው ለሌላ ቀን ነው» አሉ። «በጋብቻ ውስጥ የተፈራ ንብረት በአንዳችሁ ስም ቢመዘገብም፣ የግሌ ነው የሚለው ወገን እስካላስረዳ ድረስ ሕጉ የጋራ ብሎ ይገምተዋል። የግልዎ ከሆነ ንብረት ክፍፍል ላይ ሲደረስ ያስረዳሉ። ዛሬ ቤቱ የማን ነው ብዬ አልጠይቅዎትም። ክርክሩ እስኪያልቅ ማን ይኑርበት የሚለውን ነው የማየው። ሁለተኛውን ግን እንመርምረው።» ወደ ቁልፍ ቀራጩ ዞሩ። «እርስዎ ቁልፉን የቀየሩት ነዎት። ቤቱ ውስጥ ምን አዩ?»

«ሊጥ» አለ።

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። ዳኛዋ አልሳቁም። «ይቀጥሉ።»

«ኩፍ ብሎ ወለሉ ላይ ይፈስ ነበር፣ ክብርት ዳኛ። ሰፌዱና ማሰሻው አጠገቡ ተሰናድቶ ነበር። ቤቷን ጥላ የምትሄድ ሴት ሊጥ አታቦካም። ይህን ያን ቀን አውቄያለሁ። አውቄ ቁልፉን ቀየርኩ። ስትመለስም ዋሸኋት።»

ዳኛዋ ማስታወሻቸው ላይ ጻፉ። ልጆቹ ስንት እንደሆኑ፣ ስንተኛ ክፍል እንደሆኑ፣ ጠዋት ማን እንደሚያለብሳቸው፣ ሲያማቸው ማን እንደሚያድርባቸው ጠየቁ። ባልየው ሌላ ማረፊያ እንዳለው ጠየቁ፤ ከሱቁ በላይ ሁለት ክፍል እንዳለው ተናገረ። ሚስቲቱ የት እንደምትሄድ ጠየቁ፤ የእናቷ ቤት ነበር የቀራት፣ እሱም ደብረ ብርሃን ነው፤ የልጆቹ ትምህርት ቤት እዚህ ነው። ከዚያ ትዕዛዙን ሰጡ። ሚስቲቱ ከልጆቿ ጋር ወደ ቤቷ ትመለስ። ባልየው የግል ዕቃውን ይዞ ይልቀቅ። ለልጆቹ በየወሩ ይቁረጥ። ልጆቹን የሚያይበት ቀን ይወሰን። ሁለቱም ንብረት አይሽጡ፣ አይለውጡ።

ይህ ሁሉ የተጻፈ ነገር ነው። በአዋጅ ቁጥር 213/1992 አንቀጽ 82 ላይ ይገኛል። ክልሎች የራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ ማውጣት ይችላሉ፤ ይህኛው የሚሠራው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ነው። የፍቺ ጥያቄ ሲቀርብለት ፍርድ ቤቱ ወዲያው አያፋታም። ባልና ሚስቱን በተናጠልም በአንድነትም ያነጋግራል፣ በመረጧቸው ሽማግሌዎች እንዲታረቁ ሊልካቸው ይችላል፣ ከሦስት ወር የማይበልጥ የማሰላሰያ ጊዜም ሊሰጣቸው ይችላል። ግን ሰው በዚያ መካከል የሆነ ቦታ መተኛት አለበት። ልጅ በዚያ መካከል ይርበዋል። ስለዚህ ስለ ቀለቡ፣ ስለ ልጆቹ አያያዝና ስለ ንብረቱ አስተዳደር ዳኛው ሳይውል ሳያድር ያዛል። ከሁለቱ አንዱ የጋራ መኖሪያቸውን መልቀቅ ካለበት ደግሞ ሕጉ ዳኛው ሁለት ነገር እንዲያይ ያስገድደዋል። አንዱ የልጆቹ ጥቅም ነው። ሌላው የሚለቀው ሰው የሚገኝበት ሁኔታ ነው። የመጀመሪያውን ሁሉም ሰው ያስታውሳል። ሁለተኛውን ብዙዎቻችን አንብበን እናልፈዋለን፤ ቁልፍ ቀራጩም ያን ጊዜ አልሰማውም።

በትዕዛዙ ቀን አሮጌዎቹን ቁልፎች ከከረጢቱ አውጥቶ መልሶ ገጠማቸው። «በይ ሞክሪው» አላት። የያዘቻትን ቁልፍ አስገባች። አልዞረችም። ያን ዓርብ ማታ በከንቱ የሞረዳት ቁልፍ ጥርሷ ጎድሎ ነበር። መጀመሪያ ሐሰት የነበረው አሁን እውነት ሆነ፤ ቁልፏ እምቢ አለች። ቁልፍ ቀራጩ ፊቱ ቀላ። ሱቁ ተመልሶ አዲስ ቀረጸላት፤ የተበላሸችውን ሱቁ ውስጥ ምስማር ላይ ሰቀላት። ባልና ሚስቱ በኋላ አልታረቁም። ተፋቱ፤ ቤቱም ተገምቶ ተካፈሉት። የእነሱ ነገር በዚህ አበቃ።

የቁልፍ ቀራጩ ነገር ግን አላበቃም። ካርቶን ላይ ማስታወቂያ ጽፎ ሱቁ በር ላይ ለጠፈ። «ያለ ፍርድ ቤት ትዕዛዝ የባልና ሚስት ቤት ቁልፍ አንቀይርም።» ሰው አንብቦ ያደንቀዋል። እሱም ንስሐው ያለቀ መሰለው።

በዓመቱ፣ ክረምቱ ወጥቶ አደይ በፈነዳበት ሰሞን፣ ሕፃን ያዘለች ሴት መጣች። ባሏ ከሱቁ በስተኋላ ካሉት ሸማ ሠሪዎች አንዱ ነው። ነጠላዋን አንገቷ ላይ ጠቅልላዋለች፤ ስትናገር ግን ተንሸራተተ፤ የጣት ምልክት ታየ።

«ጋሼ፣ ዛሬ ማታ ሳይመጣ በሩን ቀይሩልኝ።»

ካርቶኑን በጣቱ አሳያት።

«ማንበብ አልችልም» አለች።

«ትዕዛዝ ያስፈልጋል ልጄ። የፍርድ ቤት ወረቀት። ያለ እሱ ሕጉ አይፈቅድም። በዚህ ነገር አንዴ በድያለሁ፣ አልደግመውም።»

ሴትየዋ ካርቶኑን አየችው። ሕፃኑን ወደ ላይ ነቅነቅ አድርጋ አስተካከለችና ሄደች።

ማታ ራት ላይ ለሚስቱ ነገራት። ምስጋና ሳይጠብቅ አልቀረም። ሚስቱ ጉርሻዋን ሰፌዱ ላይ መልሳ አስቀመጠችው።

«አንገቷን አየኸው?»

«አየሁት። ግን ወረቀት የላትም። ያኔ ስላልጠየቅኩ አይደል የተሳሳትኩት?»

«አንተ ሰው» አለችው። «ያቺን ሐዘንተኛ የበደልካት ቁልፍ ስለቀየርክ ይመስልሃል? አይተህ ዝም ስላልክ ነው። ዛሬም አይተህ ዝም አልክ። ልዩነቱ ዛሬ ካርቶን መለጠፍህ ነው።»

ጋቢውን ደርቦ ወጣ፤ ሚስቱም ባትሪ ይዛ ተከተለችው። ሴትየዋን ከሦስት ልጆቿ ጋር አንድ ግቢ በር ሥር፣ ውሾች በሚያላዝኑበት፣ ተቀምጣ አገኟት። ወደ ቤታቸው ወሰዷቸው። ሲነጋ የቁልፍ ቀራጩ ሚስት ወደ ፖሊስ ጣቢያ አደረሰቻት፤ ከዚያ ለምርመራ ወደ ጤና ጣቢያ፤ የሐኪም ማስረጃው ተጻፈ። የድብደባው ክስ በራሱ መንገድ ሄደ። ቁልፍ ቀራጩ ደግሞ ከሴትየዋ ጋር ፍርድ ቤት ደጅ ያሉ ማመልከቻ ጸሐፊዎች ዘንድ ተቀመጠ። ለፍቺው፣ ለቀለቡና ለመኖሪያው ትዕዛዝ የሚጠይቀው አቤቱታ ተጻፈ። ያን ሁሉ ቀን ሱቁ ዝግ ነበር።

በቀጠሮው ቀን ሸማኔው ቀረበ። ትልቅ ሰውነት ያለው፣ ጉልበቱ የከሳ፣ አንገቱን የደፋ ሰው። ስለ ድብደባው አልካደም። መጠጥ እንደሚጠጣ ተናገረ። ቤቱ የቀበሌ ነው፤ ውሉ በእሱ ስም ነው፤ በዚህም ላይ ብዙ አልተከራከረም። ዳኛው ሊያዙ ብዕር ሲያነሱ ግን ቀና አለ።

«ክቡር ዳኛ፣ ጉድጓዴስ?»

«የምን ጉድጓድ?»

ሸማኔው ለማስረዳት ተቸገረ። ሸማ የሚሠራው ከቤቱ ጥግ፣ መሬት ውስጥ በተቆፈረ ጉድጓድ ጫፍ ተቀምጦ ነው። እግሩ ጉድጓዱ ውስጥ ገብቶ መርገጫዎቹን ይረግጣል፣ እጁ መወርወሪያውን ይወረውራል። መሣሪያውን ነቅሎ መሄድ ይቻላል። ጉድጓድ ግን ተነቅሎ አይሄድም። የሚያርፍበት አጎቱ ቤት ደግሞ ወለሉ ሲሚንቶ ነው። «ከዚያ ቤት ከወጣሁ እጄም እግሬም ቀረ ማለት ነው። በምን ቀለብ እቆርጣለሁ? መሣሪያው ላይ ደግሞ ገና ያላለቀ ነጠላ አለ።»

ሚስቲቱ ሳትጠየቅ «ማጉን የፈተልኩት እኔ ነኝ» አለች።

ዳኛው ብዕራቸውን አስቀመጡ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ስሰማ ሕጉን የጻፉት ሰዎች እንዲህ ያለውን ቀን አስበው ነበር ብዬ አምናለሁ። ዳኛው «እንግዲህ ቀን ቀን እየመጣህ ሥራ» አላሉም፤ ያቺ ሴት መወርወሪያው በተሰማ ቁጥር አንገቷን ትይዝ ነበር። «ጉድጓድህ የራስህ ችግር ነው» ብለውም አላሰናበቱትም። ጉድጓድ ለመቆፈር ስንት ቀን እንደሚፈጅ ጠየቁት። አጎቱ ግቢ ውስጥ ሲሚንቶ ያልነካው መሬት ይኖር እንደሆነ ጠየቁት። ኩሽናው አጠገብ ጥቂት ባዶ ቦታ አለ።

ትዕዛዙ እንዲህ ነበር። ሚስቲቱና ልጆቹ ቤቱ ውስጥ ይቆዩ። ሸማኔው ከዚያች ቀን ጀምሮ እዚያ አይደር፣ አይሂድም። አንድ ቀን ይቆረጥለትና ፖሊስና አንድ ሽማግሌ ባሉበት መሣሪያውን ከነነጠላው አውጥቶ ይውሰድ። ነጠላው የሁለቱም ድካም ነው፤ አልቆ ሲሸጥ ዋጋው ለልጆቹ ቀለብ ይዋል። የቀረው በቀጠሮ ይታይ።

ቁልፍ ቀራጩ ማኅተም ያለበትን ወረቀት በእጁ ይዞ አነበበው፤ ለሴትየዋም አነበበላት፤ ሁለት ጊዜ። ከዚያ ቁልፉን ቀየረ። አዲሶቹን ቁልፎች በእጇ ሲያስቀምጥ በጣቷ ጥርሶቻቸውን ዳሰሰቻቸው። «ይህስ ይሠራል?» አለችው። በሩን ዘግቶ፣ ከውጭ ቆሞ፣ ሦስት ጊዜ እንድትከፍት አደረጋት።

ካርቶኑን ከሱቁ በር ላይ ቀዶ አነሳው። ሌላ ግን አልጻፈም። የተበላሸችው ቁልፍ ምስማሩ ላይ እንደተሰቀለች ቀረች። ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያለ ጉዳይ ይዞ የሚመጣ ሰው ሲኖር በመጀመሪያ ያስቀምጠዋል፤ ልጅ አለ ወይ፣ ዛሬ ማታ የት ትተኛላችሁ፣ ያ ሌላኛውስ የት ያድራል ብሎ ይጠይቃል። ጎረቤቶቹ ጆሮ አበቀለ ይሉታል። ሱቁን ግን አልዘጋም።

የሸማኔውን ቤት ቁልፍ በቀየረበት ሳምንት እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ዶማና አካፋ ተሸክሞ ሽቅብ ወደ ሸማኔው አጎት ግቢ ወጣ። ሸማኔው ኩሽናው አጠገብ ተቀምጦ ባዶውን መሬት ያያል። የመሣሪያው እንጨቶች ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል። ያላለቀው ነጠላ በጆንያ ተጠቅልሎ ጭኑ ላይ ነው።

«አንተ ነህ ቁልፉን የቀየርክብኝ» አለ ሸማኔው።

«አዎ» አለ ቁልፍ ቀራጩ።

«ታዲያ እዚህ ምን አመጣህ?»

መልስ አልሰጠውም። ኮቱን አውልቆ አጥር ላይ ሰቀለና መቆፈር ጀመረ። መሬቱ ቀይ ነው፤ ከላዩ ደረቅ፣ ከሥሩ የክረምቱ እርጥበት ገና አልለቀቀውም። ሸማኔው ብዙ ጊዜ ዝም ብሎ አየው። ልጆቹን ያየ እንደሆነ ጠየቀው። አይቷቸዋል፤ ትልቁ ልጅ ትምህርት ቤት ገብቷል። ከባለቤቱ ምን መልእክት እንዳለ ጠየቀው። ምንም የለም። ሸማኔው አንገቱን ነቀነቀ። ቁልፍ ቀራጩ አላጽናናውም፤ የሚጽናናበትም ነገር አልነበረውም። ከግቢው ውጭ ከእንጦጦ ጭራሮ የተሸከሙ ሴቶች ወገባቸው ተጎንብሶ ይወርዳሉ።

ወደ እኩለ ቀን ሲሆን ሸማኔው ጆንያውን በጥንቃቄ ጥሎ ተነሳ። ጉድጓዱ ጫፍ ላይ ተቀመጠና እግሮቹን ወደ ውስጥ ሰደደ። ጉልበቱ አልታጠፈለትም፤ መሬቱን ቶሎ ነካ።

«ስንት ይቀረዋል?» አለ ቁልፍ ቀራጩ።

ሸማኔው እጁን ዘርግቶ በጉድጓዱ ግድግዳ ላይ ለካ።

«አንድ ስንዝር።»

እግሩን አወጣለት፤ ቁልፍ ቀራጩም ዶማውን አነሳ።